ሌጎስ የሄደችው ኬሂንዴ

በኢላ ከተማ፣ ከአሮጌው መስጊድ ጀርባ፣ አካራ የሚባለውን የቦሎቄ ጥብስ እየሸጠች ቤቷን የምትደጉም አቤጄ የምትባል ሴት ነበረች። ቦሎቄዋን ዘፍዝፋ፣ ልጣጩን አሽታ፣ ፈጭታ፣ ማለዳ ዘይቱን ስትጥድ ሽታው ሰጋጁንም ዘማሪውንም እኩል ይጠራ ነበር። እሷን በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም። በእኛ አገር መንታ የወለደች ሴት የቀድሞ ስሟ ያን ቀን ያበቃለታል። ለባሏም፣ ለጎረቤቷም፣ ለቦሎቄ ነጋዴውም «ኢያ ኢቤጂ» ሆና ቀረች፤ የመንታ እናት ማለት ነው። ከመንታዎቹ አንዷ ከሞተች በኋላም መጠሪያው አልተቀየረም። ማን ደፍሮ ይቀይረዋል?

አባቷ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነበር፤ ስትጠመቅ ፌቤ ተባለች። ራፊዩ የሚባል ልብስ ሰፊ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፣ እስልምናን ተቀብላ አገባችው፤ ሙሊካት ተባለች። አባቷ ክረምቱን ሙሉ አኩርፎ ከረመና፣ ለፋሲካ ሱሪ ማሰፋት ሲያምረው አማቹ ዘንድ ሄዶ በዚያው ታረቀ። የገባችበት ቤት ደግሞ የባሏ እናት ኦሹንቡንሚ አለች። የኦሹን ወንዝ የሰጠቻት ልጅ ናት ተብሎ ነው ስሟ የወጣላት፤ በጓዳዋ የወንዙን ጠጠር በገንቦ ውሃ ውስጥ አስቀምጣ በየማለዳው ትለማመናለች። ልጇ ለሱብሂ ሶላት ሲነሳ ውዱ የሚያደርግበትን ውሃ የምታቀርብለትም እሷው ናት።

«አንተም በበኩልህ አላህህን ለምን፣ እኔም በገንቦዬ ልለምን። ላንዳችን ከተሰማ ትርፉ የቤቱ ነው» ትለዋለች።

ለገና ከደወል ደዋዩ ቤት ሩዝና ዶሮ ይመጣል፣ ለአረፋ የበግ ወርች ወደዚያ ይሄዳል፣ በወንዟ በዓል ደግሞ የተጠመቀውም የሰገደውም ነጭ ለብሶ ይወርዳል። በዚህ የተጣላ ሰው አላየንም። ጠቡ የመጣው ሞት ወደ ቤቱ ሲገባ ነው።

አቤጄ መንታ ወለደች፤ መጀመሪያ ወንድ፣ ቀጥሎ ሴት። ቀድሞ የወጣው ታዪዎ፣ ተከትላ የወጣችው ኬሂንዴ ናት፤ በእኛ ዘንድ ይህ ስም የሚመረጥ ሳይሆን ይዘውት የሚወለዱት ነው። ታላቋም ኬሂንዴ ናት። «ሂድና ዓለምን ቅመሳት» ብላ ታናሿን የላከች እሷ ናትና። ራፊዩ ሐሰንና ሑሰይና ብሎ አዛን በጆሯቸው አሰማ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግን ታዪዎና ኬሂንዴ እያለ ጠራቸው። አንዱ ሲያለቅስ ሌላዋ ታለቅሳለች፤ አንዷ ስትታጠብ ሌላው ሳሙናውን ይልሳል። ሦስት ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ ከበረሃው አቧራ ይዞ የሚመጣው ነፋስ የከበደበት ዓመት ነው፤ ኩፍኝ ገባና ኬሂንዴን ወሰዳት። ረፋድ ላይ ትንፋሿ ቆመ፤ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይደርስ ተቀበረች።

መንታ ሞተ አይባልም፤ ነውር ነው፣ ከነውርም በላይ ያስፈራል። የቀረው ከሰማ ተነስቶ ይከተላል ይባላል። እናም «ሌጎስ ሄደች» ይባላል። አቤጄ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልደቃችም። በማግስቱ ጎረቤት መጥቶ «ኬሂንዴ እንዴት ናት?» ሲላት፣ ሰው ምን ያህል ጨካኝ ነው አትበሉ፣ ወጉ ነው፣ «ሌጎስ ሄዳለች» አለች። 

ታዪዎ አልተታለለም። መብላት ተወ። ገንፎ ቢያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል፤ በር በሩን ያያል፤ የጎን አጥንቱ ወጣ። ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ ሽሮፕ ሰጡት፤ ያስመልሰዋል። ያኔ ኦሹንቡንሚ ነጠላዋን ጠምጥማ ኢፋ ጥሎ ዕጣ ወደሚያነበው አዋቂ ሄደችና ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች።

«እህቱ እየጠራችው ነው» አለች። «ምስሏ በእንጨት ይቀረጽላትና ቤቷ ትመለስ። ትታጠብ፣ ትልበስ፣ ቦሎቄዋን ትብላ። አለዚያ ይሄም ይሄዳል።»

«የእንጨት ልጅ ቤቴ አይገባም!» አለ ራፊዩ ከስፌት መኪናው ላይ ሳይነሳ።

«ቤቴ? አባትህ ይሄን ግድግዳ ሲያቆም አንተ የት ነበርክና ነው ቤቴ የምትለው? ልጅቷ ርቧት ወንድሟን ስትጠራው ምን ልትሰጣት ነው? ክር ልትሰጣት ነው?»

«አላህ ያውቃል፣ እማ።»

«አላህማ ያውቃል! የማታውቀው አንተ ነህ።»

አቤጄ ልጁን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር።  «የታዪዎ አባት» አለችው፣ «እኔ የናንተን አላውቅም። እንጨትም ይሁን፣ ድንጋይም ይሁን፣ ወረቀትም ይሁን። ልጄ ይብላልኝ።»

ወረቀት የሚለው ቃል ከየት እንደመጣላት እንጃ። ራፊዩ ግን ያዘው። ጓደኛው ጌርሾም ፎቶ አንሺ ነው፤ በዚያው ላይ የመዘምራን አለቃ። የኢላ ፎቶ አንሺዎች እንዲህ ያለ ነገር ያውቃሉ፤ እንጨት ያልፈቀደ እስላምና ክርስቲያን ሁሉ ወደ እነሱ ይሄድ ነበር። ራፊዩ መጀመሪያ ሽማግሌውን ኢማም ሳኑሲን ጠየቀ። ኢማሙ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣

«እንጨት ከሆነ አልሰማሁም፤ ወረቀት ከሆነ አላየሁም» አሉት። «አርብ አርብ ቦሎቄ ቀቅላችሁ ለሰፈሩ ልጆች ሰደቃ ስጡ። ሌላውን ዳግመኛ እንዳትጠይቀኝ።»

ኬሂንዴ በሕይወቷ ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ጌርሾም ታዪዎን በሸሚዙ አንድ ጊዜ አነሳው። ቀጥሎ አቤጄ የኬሂንዴን ቀሚስ አለበሰችው፣ ዓይኑን ኳለችው፣ ጆሮው አልተበሳምና ጉትቻዋን በክር አሰረችለት፤ እንደገና አነሳው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ባንድ ወረቀት አተመ። ወንድምና እህት ባንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወጡ። ጌርሾም ከማንሳቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ጸልዮ ነበር፤ ምን ብሎ እንደጸለየ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ፎቶው ተሰቀለ። አርብ ሲሆን አቤጄ ቦሎቄ በቀይ የዘንባባ ዘይት ሠርታ፣ የመጀመሪያውን ጭልፋ በትንሽ ሳህን ፎቶው ሥር ታኖራለች፤ የቀረውን የሰፈሩ ሕፃናት ይሻሙታል። ታዪዎ ቀስ በቀስ ከልጆቹ ጋር መሻማት ጀመረ፤ ወፈረ፣ ሮጠ፣ ተደባደበ። ኦሹንቡንሚ የወንዟ ሥራ ነው አለች። ራፊዩ የሰደቃው ነው አለ። ጌርሾም የጸሎቱ ነው አለ። ሽሮፑን ያመሰገነ አልነበረም።

ልጁ ፎቶውን እየተሰናበተ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። «ኬሂንዴ፣ ሄጃለሁ!» ይላል። ካደገ በኋላ እህቱ እንደሞተች አወቀ፤ ልጅ የማያውቀው ነገር ምን አለ? ያ ፊት የራሱ እንደሆነ ግን የነገረው የለም። ኦሹንቡንሚ ሳትነግረው ሞተች። ራፊዩ ሳይነግረው ሞተ። ጌርሾምም አረፈ። ምስጢሩን ተሸክማ የቀረችው አቤጄ ብቻ ናት። እንዴት ብላ ትንገረው? መንታን «ይሄ አንተ ነህ፣ እሷ የለችም» ማለት በገዛ እጅ ወደ ሞት መግፋት ነው።

ታዪዎ ኢሎሪን ሄዶ ቁርዓን ቀራ፣ ከዚያ መዲና ዓመታት ተምሮ መጣ። ኡስታዝ ሐሰን ተባለ። ጥሩ ሰው ነው፣ እውነቱን ለመናገር፤ ዘካ አይረሳም፣ የሰው ሐቅ አይነካም፣ ለእናቱ ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ አስለወጠላት። ግን በእናቱ ቤት አልበላም። ለዒድ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ከኢሎሪን ሲመጣ መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ እማ» ይል ነበር። ቀጥሎ «ሆዴን አሞኛል» አለ። ኋላ ዳቦና ውሃ በቦርሳው ይዞ መምጣት ጀመረ። አካራ ሸጣ ላሳደገች ሴት ልጇ በደጇ ዳቦ ገምጦ ሲሄድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ እናት የሆነ ያውቀዋል።

ባለፈው ዒድ ትንሿ የልጅ ልጇ ሱመያ ወደ መጥበሻው ተጠግታ ትኩስ አካራ አነሳች። ታዪዎ ደርሶ ከአፏ ላይ ቀማትና መሬት ላይ ጣለው። ልጅቷ አለቀሰች። አቤጄ ጎንበስ ብላ አካራውን አነሳች፣ አሸዋውን አራገፈች፣ ምን እንደምታደርገው ግን ጠፋት።

«ምን በድዬህ ነው ልጄ? መርዝ ነው የምጠብሰው?»

ያኔ ግልጹን ነገራት። «እማ፣ አንቺን አልነቅፍም። ግን በዚህ ቤት ምግብ ለግድግዳ ይቀርባል። ለግድግዳ ከቀረበ ድስት ልጆቼን አላበላም፣ እኔም አልበላም። ሐራም ነው። ፎቶው ይውረድ፤ የወረደ ቀን መጥቼ ከእጅሽ እበላለሁ። ወላሂ፣ እኔም የእጅሽ ናፍቆኛል።»

«እሷስ? እህትህ ምን ትሁን?»

«እሷ አላህ ዘንድ ናት። ቦሎቄ አትፈልግም።»

ሄደ። አቤጄ ከዚያ ወዲያ የጠበሰችው ሁሉ ወይ ያርርባታል ወይ ጥሬ ይወጣል። ከሁለት አንዱን ነው የጠየቃት፤ የሞተችውን ትያዝ ወይስ በሕይወት ያለውን? ፎቶውን ብታወርድ ኬሂንዴ ተቀይማ ወንድሟን ብትጠራውስ? ባታወርደውስ፣ ልጇ በሕይወት እያለ እንደሌለ አልሆነም?

ጎረቤቷ ዶርካ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው በባዶ እግር ከሚጸልዩት ክርስቲያኖች ወገን ናት፣ ምክር አላት። «አንቺ ምን ሆነሻል? ፍራሽሽ ሥር ክተቻት! እሱ ሲመጣ ግድግዳው ባዶ፣ እሱ ሲሄድ አውጥተሽ አብያት። እኔ እንደሆንኩ አላወራ።»

«አንቺ አታወሪም? ከተማው አንቺን ጋዜጣ ብሎ እየጠራሽ?»

«እሺ አወራለሁ። ግን ለሱ አልነግረውም።»

አቤጄ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «አይሆንም ዶርካ። ለሱ ሐራም ከሆነ ሐራም ነው። ልጄን ሳያውቅ አላበላውም። ተደብቄ ያበላሁትን በላልኝ ብዬ ደስ ይለኛል?»

እንደዚያ ነች። አራት ስም የተሰጣት ሴት ናት፤ የማንንም እምነት አቅልላ አታውቅም። ለታዪዎ ስልክ አስደወለችለት። «አርብ ና። ፎቶው ይወርዳል» አለችው።

አርብ ማለዳ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችው። መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ቦሎቄውን ጣደች፤ ትንሿን ሳህን ግን አላወጣችም። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የምታደርገውን አጥታ ድስቱን ደጋግማ ትከፍት ነበር።

ታዪዎ ከጁምዓ በኋላ ብቻውን መጣ። እናቱን ተንበርክኮ ሰላም አላት፤ አሮጌው ወግ ነው፣ መዲናም አላስተወውም። ባዶውን ግድግዳ አየ። ፎቶው ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ከሌላው ግድግዳ ነጥቶ ቀርቷል።

«እነሆ» አለችውና አቀበለችው። «ውሰዳት። አርቀህ አስቀምጣት።»

«ማስቀመጥ አይሆንም እማ። ካስቀመጥናት ነገ ሰው ያነሳታል።» ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣው። ትኩር ብሎ አየው። «ጨካኝ ነህ ብለሽ እንዳትፈርጂብኝ» አላት። «መዲና ወባ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ በሕልሜ ስትታየኝ የነበረች ይቺ ናት። እህት ያለኝ በዚች ወረቀት ብቻ ነው። ግን ከአላህ የምትበልጥብኝ ነገር እንዳይኖረኝ ነው።»

እንዲህ ብሎ ወደ መጥበሻው ምድጃ ሄደ። ፍሙ ገና አልከሰመም። ወረቀቱን ወደ እሳቱ ሲያስጠጋ፣ ጫፉ ሲጠቁር፣ አቤጄ ጮኸች፤ ያን ያህል ስትጮህ ከተማው ሰምቷት አያውቅም።

«ራስህን አታቃጥል! ታዪዎ! ራስህን አታቃጥል!»

እጇን ከፍሙ በላይ ሰድዳ ወረቀቱን ነጠቀችው። ዶርካ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች፤ ፊታቸውን አይታ ደግሞ ተመለሰች። ዶርካ እንኳ ተመለሰች።

«ምን አልሽ?» አለ ታዪዎ።

ከአፏ ካመለጠ በኋላ ምን ይመለሳል? «ሁለቱም አንተ ነህ» አለችው። «ቀሚሱ የሷ ነው፤ ገላው ያንተ ነው። ጌርሾም ሁለት ጊዜ አነሳህ። እሷ ፎቶ የላትም።»

«የላትም?»

«ያን ቀን እሷ አፈር ውስጥ ነበረች። ሞታ ነበር፣ ልጄ። ኬሂንዴ ሞታ ነበር።» ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ኡስታዝ ሐሰን በአካራ መሸጫዋ ዱካ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ቅጽበት ኡስታዝም አልነበረ፣ ምንም አልነበረ። ወረቀቱን ተቀብሎ ልጅቷን አየ፤ ጉትቻዋን፣ ክሩን፣ የተኳለ ዓይኗን። ዕድሜውን ሙሉ እህቴ ሲላት የኖረችው የራሱ ጉንጭ ነው።

«እንግዲያ» አለ፣ «እሷ ምን ትመስል ነበር?»

አቤጄ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። አሰበች። ደግማ አሰበች።

«ረሳኋት» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ረሳኋት ልጄ። ይሄን ሳይ ሳይ ፊቷ ጠፋኝ። እናት እንዴት ትረሳለች? እኔ ረሳሁ። አንተን እያየሁ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ስታበያት የነበረው ማንን ነው? እሷ መሆኗን በምን አወቅሽ?»

«አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። ጌርሾም ቤት ትልቅ መስታወት ነበር። ቀሚሷን አልብሼህ፣ ዓይንህን ኩዬ፣ እፊቱ አቆምኩህ። አየህና፣ ‹እማ፣ ኬሂንዴ መጣች!› አልክ። እንዴት እንደሳቅክ! ኩፍኙ ከገባ ወዲያ ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየሁህ። እጅህን ዘረጋህላት። መስታወቱ ሲቀዘቅዝህ ከኋላው ዞረህ ፈለግካት። ደግመህ ወደ ፊት መጣህ፤ አለች። ደግመህ ወደ ኋላ ሄድክ፤ የለችም። ጌርሾም ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። እሷን ከኔ የበለጠ የምታውቃት አንተ ነህ፤ ማህፀን ውስጥ አብራህ ነበረች። አንተ እሷ ናት ካልክ እኔ ማን ነኝና አይደለችም እላለሁ?»

ታዪዎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።  አቤጄ ልትነካው ፈለገች፤ እንደ ድሮው ራሱን ልትዳስሰው። ፈራች፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ጢም አለው። ቆይታ ግን ደፈረች፤ ዳሰሰችው። እሱም አልሸሸም።

ቀና አለ። የጠቆረውን የወረቀቱን ጫፍ በጣቱ አራግፎ፣ አጥፎ፣ በኪሱ ከተታት። «አላቃጥላትም» አለ። «ግድግዳ ላይ ግን አትሰቀልም።»

«አትሰቀልም።»

«ምግብም አይቀርብላትም።»

«አይቀርብላትም። እኔ እምላለሁ፣ በፈለግከው።» ቀጥላ ግን ድምፅዋ ሰለለ። «ብቻ የሷን ጭልፋ ምን ላድርገው? እጄ ለምዷል። መጀመሪያ የሚወጣውን ለማን ልስጠው?»

ታዪዎ ድስቱን አየ። ቀይ ዘይቱ ላዩ ላይ ረግቷል። ከዚያ ድስት በዚያ ቀን ለማንም አልቀረበም ነበር።

«ለኔ ስጪኝ» አለ። «የኔንም የሷንም።»

አቤጄ ጨለፈችለት። ቸኩላ ግማሹን መሬት አፈሰሰችው። ሳህኑን ሞላችው፣ አሁንም ጨመረችበት። ልጇ እጁን ታጥቦ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ጎረሰ። ቆማ አፉን ታየዋለች። ልክ እንደ ሕፃን ጉንጩን ሞልቶ ያኝካል። ዋጠ። ደገመ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«እማ።»

«ወይ ልጄ? ምነው?»

«ጨው አንሶታል።»